ለዱቤ የተከፈለች አንድ ራንድ

የአክስቴ ልጅ ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰው በአንድ ሻንጣና በአንድ ፌስታል ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ! "ጆበርግ የሄደ ሰው በኮንቴነር ነው የሚመጣው" እያለ ሲጠብቀው የነበረ የሰፈር ሰው ሁሉ ፌስታሏን አይቶ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ሱቁን ሁለት ጊዜ እንደዘረፉት፣ ሦስተኛውን ሳይጠብቅ እንደወጣ ቀድሞ በቴሌግራም ነግሮኝ ነበር።

ቡና ተጠጥቶ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ቻርጀሮች፣ መስታወታቸው የተሰነጠቀ ሁለት ስልኮች፣ አንድ የዱቤ ደብተር፣ በካልሲ የተጠቀለለ ነገር። ካልሲውን ፈታና ሳንቲም አወጣ።

"እታለም፣ አንቺ ስልክ ላይ ጎበዝ ነሽ። ይቺን ሽጭልኝ።"

"ጋሼ፣ ምንድን ናት?"

"አንድ ራንድ።"

ሳቄ መጣ። አንድ ራንድ ምን እንደሚገዛ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦ፣ ስኳርና ሲጋራ በነጠላ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። እሱ ግን አልሳቀም። ሳንቲሟን መዳፌ ላይ አስቀመጣት። ከበደችኝ።

"ብር ናት። እውነተኛ ብር። ኦማ ናቸው የሰጡኝ" አለኝ።

ኦማ በአፍሪካንስ ቋንቋ "አያት" ማለት ነው። ጋሼ ሱቁን የከፈተው ሞስል ቤይ ከምትባል የወደብ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የድሃ ሰፈር ነበር። ከተማዋ ከኬፕታውን በስተምሥራቅ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ኦማ የሱቁ ደንበኛ ናቸው። በደቡብ አፍሪካ "ከለርድ" ከሚባለው፣ ከጥንት የአገሬው ሕዝቦች፣ በባርነት ከመጡ ሰዎችና ከአውሮፓውያን ከተወለደው ማኅበረሰብ ናቸው። ጡረታቸው እስኪደርስ በዱቤ ይወስዳሉ፤ ሲደርስ ይከፍላሉ። ጋሼ ሱቁን ዘግቶ ሊሄድ መሆኑን የሰሙ ዕለት ያለባቸውን ይዘው መጡ፤ ጥቂት ጎደለ። በጎደለው ፈንታ ይቺን ሳንቲም ሰጡት።

"ባለቤቴ ወደብ ላይ ሲሠራ አሠሪው የሰጠው ነው። እኛ ያን ቀን ባሕር ዳር አልወረድንም" አሉት። ሌላ ነገር አልጨመሩም። እሱም አልጠየቃቸውም፤ መኪና እየጠበቀው ነበር።

እኔን ግን "ያን ቀን" የሚለው ነገር ከነከነኝ።

ወርቅ ቤቱ ምን አለ?

በማግሥቱ ሳንቲሟን ይዤ ወርቅ ቤት ገባሁ። ሰውየው ሚዛን ላይ ጣል አደረጋት፤ 15 ግራም። አሻሸ፣ ፈተሸ፣ ከዚያ "ብር ነው፤ ግን ንጹሕ አይደለም። ከፈለግሽ በግራም እገዛሻለሁ። አቅልጠን ቀለበት ነው የምናደርገው" አለኝ። ዋጋውንም ነገረኝ። መጥፎ አልነበረም። ሱቅ ልክፈት ብሎ ለሚያስብ ሰው ደግሞ እያንዳንዷ ብር ቁም ነገር ናት።

"ላስብበት" ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ፎቶ አነሳኋትና ፍለጋ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳንቲሟ የ1988 የደቡብ አፍሪካ የመታሰቢያ አንድ ራንድ ናት። ስፋቷ 32.7 ሚሊ ሜትር፣ ከክብደቷ 80 በመቶው ብር ነው። ማለትም ውስጧ 12 ግራም ንጹሕ ብር አለ። በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ የሚዞረው አንድ ራንድ ከኒኬል የተሠራ ነበር፤ የብሩ ለሰብሳቢዎችና ለስጦታ የሚሆን ነው። የዛሬው አንድ ራንድ ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 4 ግራም ክብደት ያላት ትንሽዬ ሳንቲም ናት። ጋሼ "ራንድ ናት" ሲለኝ ያላመንኩት ለዚህ ነው።

መታሰቢያነቷስ ለማን ነው? ለባርቶሎሜው ዲያስ። ለፖርቱጋላዊው መርከበኛ።

ስሙን ትምህርት ቤት ሰምተነዋል። "የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የዞረ አውሮፓዊ" ብለን ጽፈን፣ አንድ ማርክ አግኝተን፣ ረስተነዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳነብ አደርኩ።

ውኃው ዳር

ዲያስ ሊዝበንን የለቀቀው በ1487 ክረምት፣ ነሐሴ አካባቢ ነው። ካራቬል የሚባሉ ሁለት ቀላል መርከቦችና አንድ ስንቅ የሚጭን መርከብ ነበሩት። የአፍሪካን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ። ከዚያ ማዕበል መጣና ከየብስ አራቀው። ብዙ ቀን መሬት ሳያዩ ቆዩ። ነፋሱ ሲበርድ ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ መሬት የለም። ወደ ሰሜን ዞሩ፤ መሬት ታየ። ለካ የአህጉሩን ጫፍ ሳያዩት አልፈውት ኖሯል!

የካቲት 3 ቀን 1488 አንድ ወሽመጥ ውስጥ ገቡ። የዛሬዋ ሞስል ቤይ ናት። ዳርቻው ላይ ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ኮይኮይ ይባላሉ፤ ላምና በግ አርብተው የሚኖሩ፣ አገሩ አገራቸው የሆነ ሕዝብ። መርከቦቹን ሲያዩ ከብታቸውን ነድተው ሸሹ። ፖርቱጋሎቹም ቦታውን "የከብት እረኞች ወሽመጥ" አሉት።

ቀጥሎ የሆነውን የምናውቀው ከዲያስ ከራሱ አይደለም። የእሱ የጉዞ ማስታወሻ አልተገኘም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1497፣ ቫስኮ ዳ ጋማ እዚያው ወሽመጥ ሲደርስ አብሮት የነበረ አንድ ሰው በማስታወሻው ላይ እግረ መንገዱን ጻፈው። ዲያስ እዚህ መጥቶ በነበረ ጊዜ፣ ይላል፣ ሰዎቹ ከእሱ ምንም ሊቀበሉ አልፈለጉም። ባሕሩ ዳር ካለ ምንጭ ውኃ ሲቀዳም ከጉብታ ላይ ሆነው ድንጋይ ወረወሩበት። እሱም በቃታ በሚስፈነጠር ቀስት አንዱን ገደለ።

አለቀ። ነገሩ ይኸው ነው። የሟቹ ስም የለም። ዕድሜው የለም። ያ ምንጭ የማን ነበር፣ ማን አስፈቅዶ ነው የሚቀዳው፣ የሚል ጥያቄም የለም።

እኛ አገር ውኃ ዳር የሚነሳ ጠብ ምን እንደሆነ ለአርብቶ አደር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ከብት ያለው ሰው ምንጩን ሳይጠየቅ ሌላ ሰው ሲቀዳበት ዝም ብሎ አያይም። ድንጋይ የወረወሩት ሰዎች "ኧረ ባለቤት አለው!" ነው የሚሉት። መልሱ በቀስት መጣ።

ዲያስ ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደገፋ መርከበኞቹ "ከዚህ በላይ አንሄድም" ብለው አመጹበት፤ ተመለሰ። ከመመለሱ በፊት መጋቢት 12 ቀን 1488 ክዋይሁክ በሚባል ቦታ የድንጋይ ምሰሶ ተከለ። ፖርቱጋሎች በደረሱበት ሁሉ የንጉሣቸውን አርማና መስቀል ያለበት ምሰሶ ይተክሉ ነበር። "ደርሰናል፤ የእኛ ነው" እንደ ማለት። የዚያ ምሰሶ ስብርባሪ በ1938 ተገኘ፤ ተገጣጥሞ ዛሬ ጆሃንስበርግ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቆሟል። ጄፒ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ብዙም አይርቅም።

ዲያስ አገሩ የገባው በ1488 ታኅሣሥ ነው። መጨረሻው ግን አላማረም። በ1500 ከሌላ የመርከብ ጓድ ጋር ሲጓዝ፣ ራሱ ባገኘው ጫፍ አካባቢ ማዕበል መርከቡን ዋጠው።

ግን ምን ፈልጎ ነበር የመጣው?

እዚህ ላይ ስደርስ ነው ከአልጋዬ የተነሳሁት። ሰውየው ይፈልግ ከነበረው ነገር አንዱ እኛ ነን!

በዚያን ዘመን አውሮፓ ውስጥ "ፕሬስተር ጆን" የሚባል የክርስቲያን ንጉሥ ወሬ ነበር። ቄስም ንጉሥም ነው፤ ሀብቱ አያልቅም፤ ከእስልምና መንግሥታት ባሻገር ይኖራል፤ እሱን ያገኘ ወዳጅ አገኘ። መጀመሪያ እስያ ውስጥ ፈለጉት። በኋላ ግን ፍለጋው ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። የፖርቱጋል ንጉሥ ዳግማዊ ዣው ሁለት ነገር ፈለገ፦ ወደ ሕንድ የሚያደርስ የቅመም መንገድና ይህን ንጉሥ። ለዚህም በ1487 በሁለት አቅጣጫ ሰው ላከ። ዲያስን በባሕር፣ ሌሎችን በየብስ።

የዲያስ መርከብ ላይ ከጊኒ ጠረፍ የተወሰዱ አራት አፍሪካውያን ሴቶች ነበሩ። በደንብ አለበሷቸው፤ የወርቅ፣ የብርና የቅመም ናሙና አስያዟቸው፤ በየጠረፉ ለማውረድ። ሐሳቡ ምን መሰላችሁ? የፖርቱጋል ንጉሥ ፕሬስተር ጆንን እንደሚፈልግ እንዲያወሩ፣ ወሬውም ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ኢትዮጵያ እንዲደርስ። ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ላይ ቆሞ፣ ቋንቋውን ለማያውቁት ሕዝብ ነግሮ፣ ሸዋ ይሰማል ብሎ መጠበቅ! አንዷ እንኳን ጉዞውን አልጨረሰችም፤ ሞተች። የሴቶቹ ቁጥር ተጽፏል፤ ስማቸው ግን እኔ ባነበብኩት ውስጥ የለም።

በየብስ የተላኩት ደግሞ ፔሮ ዳ ኮቪልያና አፎንሶ ዴ ፓይቫ ናቸው። በ1487 ግንቦት ላይ ተነሱ። ፓይቫ ካይሮ ላይ ሞተ። ኮቪልያ ሕንድ ደርሶ ተመልሶ በመጨረሻ በዓፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ገባ። ንጉሡ በደህና ተቀበሉት። ለመሸኘት ቃል ገብተውለት ሳለ በ1494 ሞቱ። ከእሳቸው በኋላ የነገሡት ግን "የመጣ አይመለስም" አሉ። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ እዚሁ አረጀ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ከቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋር ወደ ዓፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ያገኙት አስተርጓሚ ይኸው ሰው ነበር።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከአንድ ንጉሥ የተላኩ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አስፈቅዶ ገባና የቤተ መንግሥት ሰው ሆነ። ሌላው ሳያስፈቅድ ውኃ ቀዳና ሰው ገደለ። ታዲያ ልዩነቱ የሰዎቹ ጠባይ ብቻ አይመስለኝም። እኛ ጋ የሚጠይቅ በረኛና "አትወጣም" የሚል ንጉሥ ነበር። እዚያ የነበረው መሣሪያ ድንጋይ ብቻ ነው።

ያን ቀን

አሁን ወደ ኦማ ነገር ልመልሳችሁ። ሳንቲሟ የተቀረጸችው ሰውየው ከሞተ ከ488 ዓመት በኋላ ነው። ማን፣ ለምን ቀረጻት?

1988 የአፓርታይድ መንግሥት ጭንቅ ውስጥ የነበረበት ዓመት ነው። ከ1986 ጀምሮ አገሩ ሁሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው የሚተዳደረው። ማንዴላ እስር ቤት ከገቡ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። ዓለም ማዕቀብ እየጣለ ነው። መንግሥት ግን በዚያ ዓመት የሚያከብራቸው ሦስት በዓላት ነበሩት። ለሦስቱም የብር አንድ ራንድ አስቀረጸ፦ ዲያስ የደረሰበት 500ኛ ዓመት፣ ሁጉኖት የሚባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች የገቡበት 300ኛ ዓመት፣ ቦወሮች በበሬ ጋሪ ወደ አገሩ መሐል የዘለቁበት ታላቁ ጉዞ 150ኛ ዓመት።

ሦስቱንም ቁጠሯቸው። ሦስቱም ነጭ ሰው ሲመጣ ነው። የአገሩ ታሪክ የሚጀምረው መርከብ ሲመጣ፣ የሚቀጥለው ሌላ መርከብ ሲመጣ፣ የሚያድገው ጋሪ ሲሄድ። በ1510 ኬፕታውን ላይ ኮይኮዮች የሕንዱን የቀድሞ የፖርቱጋል እንደራሴ ፍራንሲስኮ ዴ አልሜይዳን ከስልሳ ከሚበልጡ ሰዎቹ ጋር ገጥመው ገድለዋል። ከብት ሊዘርፏቸው፣ ልጆች ሊወስዱባቸው መጥተው ነው ይባላል። እንዲህ ያለው ታሪክ ከሦስቱ ሳንቲሞች በአንዱም ላይ የለም።

የዲያስ በዓል ዋናው ዝግጅት የነበረው እዚያው ሞስል ቤይ ነው። በዲያስ መርከብ አምሳል ፖርቱጋል ውስጥ ካራቬል ተሠራ። በ1987 ኅዳር ላይ ከሊዝበን ተነሳና የካቲት 3 ቀን 1988፣ ልክ በቀኑ፣ ወሽመጡ ውስጥ ገባ። ፕሬዚዳንት ፒ.ደብልዩ. ቦታ ተገኙ። መርከበኞቹ የጥንት ልብስ ለብሰው ወረዱ። የቀረው ዳርቻው ላይ ቆመው የሚቀበሏቸው ኮይኮዮች ናቸው። ትያትሩ ያለ እነሱ አይሆንም።

ለዚህ የታሰቡት የአካባቢው ከለርዶች ነበሩ። የኮይኮይ ደም ያለባቸው እነሱ ናቸዋ! እነሱ ግን "አንሳተፍም" አሉ። ምክንያቱም የባሕሩ ዳርቻ ለነጮች ብቻ የተከለለ ነበር። በሌላ ቀን እግራቸውን ሊነክሩበት በማይፈቀድላቸው አሸዋ ላይ፣ ለአንድ ቀን ወርደው "እንኳን ደህና መጣችሁ" እንዲሉ ነው የተጠየቁት። ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደነበር ለማወቅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚያ ዓመት በፊት፣ በ1987፣ የከለርዶች ፓርቲ መሪና የቦታ ካቢኔ ሚኒስትር የነበሩት አለን ሄንድሪክስ ፖርት ኤልዛቤት ላይ ለነጮች በተከለለ ባሕር ዋኝተው ነበር። ሚኒስትር ናቸው እኮ! ቦታ ተቆጥተው በአደባባይ ይቅርታ አስጠየቋቸው።

እና የሞስል ቤዩ ትያትር እንዴት ሆነ? ኮይኮይ ሆነው የተጫወቱት ጥቁር መስለው የቀረቡ ነጮች ነበሩ። ነጭ ከመርከብ ወረደ፤ ነጭ ተቀበለው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው መንግሥት ዩናይትድ ዴሞክራቲክ ፍሮንትን ጨምሮ 17 ድርጅቶችን ከማንኛውም እንቅስቃሴ አገደ።

"እኛ ያን ቀን ባሕር ዳር አልወረድንም" ማለት ይህ ነው። ኦማ ስለ አየር ጠባይ እያወሩ አልነበረም። እንቢ ስላሉበት ቀን ነው የነገሩት። አሠሪው ደግሞ ለባላቸው የሰጠው የዚያኑ በዓል ሳንቲም ነው። ቢጥሉት ብር ነው። ቢያስቀምጡት ያማል። ስንት ዓመት ቤታቸው ውስጥ ተቀምጦ፣ በመጨረሻ ለዳቦና ለስኳር ዱቤ ከፈሉበት።

እኛስ?

"የባዕድ ሰው ሳንቲም ላይ መቅረጽ ነውር ነው" ብዬ ልጽፍ ነበር። ከዚያ የአያቴ ሳጥን ትዝ አለኝና ተውኩት።

አያቴ ሳጥን ውስጥ ማርትሬዛ አለ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመቱትም ሁሉ 1780 የሚለውን ይዘው ቀርተዋል። ኢትዮጵያን ጨርሶ አታውቃትም። እኛ ግን በእሷ ፊት ጨው ሸጠናል፣ በቅሎ ገዝተናል፣ ጥሎሽ ሰጥተናል። ዓፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው ሲያመጡ እንኳን ባላገሩ "የለመድነው ይሻለናል" ብሎ ማርትሬዛን ቶሎ አልለቀቀም። ዛሬም ገንዘባችንን የምንጠራው በማዕድኑ ስም፣ ብር ብለን ነው።

ግን ልዩነት አለ። ማርትሬዛን የተቀበልነው ሴትየዋን ለማክበር አልነበረም። ብሩ የታመነ ስለሆነ ነው። "ታሪካችሁ የሚጀምረው ከእሷ ነው" ያለን የለም። የመታሰቢያ ሳንቲም ግን እንደሱ አይደለም። መንግሥት ከብዙ ሰዎችና ከብዙ ቀኖች መሐል አንዱን መርጦ "ይህን አስታውሱ" የሚልበት ነገር ነው። ፖርቱጋልም በ1988 ለዲያስ የ100 ኤስኩዶ ሳንቲም ቀርጻለች፤ ልጇ ነው፣ ብታስታውሰው ማን ይፈርድባታል? ደቡብ አፍሪካ ላይ ስትቀረጽ ግን ሳንቲሟ ስለ ዲያስ ከምትነግረን በላይ የምትነግረን ስለ ቀራጮቹ ነው። በ1488 ምን እንደሆነ ትንሽ፣ በ1988 ማን ሥልጣን ላይ እንደነበረ ብዙ።

ቀራጮቹም ብዙ አልቆዩም። የባሕር ዳርቻውን የከለለው የ1953ቱ ሕግ በ1990 ተሻረ። በ1994 ማንዴላ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ለበዓለ ሲመታቸው 5 ራንድ ተቀረጸ፤ በ2000 ደግሞ የራሳቸው ምስል ያለበት 5 ራንድ ወጣ። በዚያው በ2000 አገሪቱ አዲስ አርማ አወጣች። አርማው መሐል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ሰላም ይባባላሉ፤ ከጥንት የሳን ሕዝቦች የዋሻ ሥዕል የተወሰዱ ናቸው። ከሥር ያለው መፈክር የተጻፈው ዛሬ ተናጋሪ በሌለው የሳን ቋንቋ ነው፤ "የተለያየን ሰዎች እንተባበር" እንደ ማለት። ይኼ አርማ በየሳንቲሙ ላይ አለ። ጋሼ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲቆጥረው ነበር።

የዲያስ አምሳያ መርከብ ግን አልተጣለም። ሞስል ቤይ ያለው የዲያስ ሙዚየም ውስጥ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ጎብኚ ይገባል፣ ሰልፊ ይነሳል። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። ዲያስ ከታሪክ ይፋቅ የሚል ሐሳብም የለኝም። ያን ማዕበል ተሻግሮ የማያውቀውን ባሕር መዞር ቀላል ነገር አይደለም። የምለው አንድ ነው፤ ሲነገር ሙሉው ይነገር። መርከቡ ሲነገር ምንጩም ይነገር። ቀስቱን የያዘው ስም ሲጠራ ድንጋዩን የያዘው "አንድ ሰው" እንኳ ተብሎ ይጠራ።

ሒሳብ ሲዘጋ

ጠዋት ጋሼን ቁጭ አድርጌ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ "እኔ እኮ እዚያ ባሕር ዳር በየእሑዱ እቀመጥ ነበር" አለ። "ምንም ምልክት የለውም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ኦማ ግን አንድም ቀን ሲወርዱ አላየኋቸውም።"

ትንሽ ቆየና "እና ስንት አወጣች?" አለኝ።

የወርቅ ቤቱን ዋጋ ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ሰምቶ "አልሸጣትም" እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። አላለም። ሱቅ ሊከፍት ነው፤ ለመደርደሪያ ጎድሎታል፤ ታሪክ መደርደሪያ አይሠራም። ልክ ነው። ዘጠኝ ዓመቱን በፌስታል ይዞ ለመጣ ሰው "ቅርስ ነው፣ አስቀምጠው" ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ደመወዝተኛ ነኝ።

ስለዚህ እኔ ገዛኋት። በወርቅ ቤቱ ዋጋ፣ በሁለት ዙር፣ በቴሌብር። መጀመሪያ "ከአንቺማ አልቀበልም" ብሎ ተቆጣ። "እንግዲያው አቅላጩ ጋ ልወስዳት ነው" ስለው ዝም አለ። የስልኩ መልእክት ጢው ሲል አየና "ቀሪውን በዱቤ ይዤልሻለሁ" ብሎ ሳቀ። ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ያን የዱቤ ደብተር ከፈተ። ገጾቹ በአማርኛ ነው የተጻፉት፤ የሰዎቹ ስም፣ ዳቦ፣ ዘይት፣ ኤርታይም። ብዙዎቹ መስመሮች ክፍት ናቸው፤ ሱቁ ሲዘረፍ ዕዳውም አብሮ ቀርቷል። ኦማ የሚለው ገጽ ላይ ግን ከሥር ሁለት መስመር ተሰምሮ "ተከፍሏል" ይላል።

ሳንቲሟ አሁን አያቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከማርትሬዛዋ አጠገብ ናት። በካልሲ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ወረቀቱ ላይ ከኦማ የሰማነውን ጻፍኩበት፤ ነገ የሚያገኛት ሰው ፎቶ አንስቶ ሲፈልግ ስልኩ የማይነግረውን እንዲያነብ። እናንተም ቤት፣ ከሳጥን ሥር ወይም ከመሶብ ጀርባ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ ወርቅ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ማን እንደሰጣቸውና ምን ብሎ እንደሰጣቸው ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ክብደቱን ሚዛኑ ይነግራችኋል፤ ሌላውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጋሼ ሱቁን ባለፈው ወር ከፍቷል። "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ" የሚል ወረቀት ለጥፏል። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ግን አዲስ ደብተር አየሁ፤ ሦስት ገጽ ሞልቷል።